ሲባጎውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ወሰን፣ አዲስ አበባ
የካቲት 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለዘሙሩድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ የሱፍ ካልሲ እየሠራችልሽ ነው። አንደኛው እግር ከሌላው ረዝሞባት ፈትታ እንደገና ጀምራዋለች። ይህን እንዳልነግርሽ አደራ ብላኛለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌላ ጊዜ በማግስቱ እመልስልሽ ነበር፤ ያዘገየኝም ሥራ አይደለም። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው፣ ያን ያለ ቁልፍ የሚፈታውን የመብሻችንን፣ የትራፓኖውን ቀለበት ስዬ እንድልክልሽና መምህርሽ ለክፍሉ እንዲያሳየው ነው። "አባቴ የፈጠረው ነው ብዬ ልኩራ" ብለሻል። ሁለተኛው፣ ጋሽ ወልደሰንበትን ሰላም እንድልልሽ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስትጽፊያቸው ምን እንዳደረግሽኝ አታውቂም።

ጋሽ ወልደሰንበት ከማኅበራችን ወርክሾፕ ከወጡ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። "ደከመኝ ብለው ጡረታ ወጡ" ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ ያኔ ለማትሪክ ስታጠኚ ስለነበር ነገሩ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ አድርጌ ነበር። ዛሬ ከሥሩ ልንገርሽ።

እሳቸው የትራፓኖውን ማጥበቂያ ቁልፍ ስፒናው አጠገብ በአጭር ሲባጎ ያስሩት ነበር። ስፒናው ከግድግዳው ካልተነቀለ ቁልፉ ማሽኑ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ፑንታ፣ የመብሻውን ጫፍ፣ መቀየር የፈለገ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይነቅላል። እኛ እንስቅባቸው ነበር። "ጋሼ፣ ዛሬም ፍየልዎን አሰሩ?" እንላቸዋለን። እሳቸውም "ትታሰር! ከተፈታች የምትበላው ጣታችሁን ነው" ይሉናል።

ያን ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች ዴስክ እንድንሠራ ታዘዝን። ዴስክ ይበሳል፣ ብሎን ይጠብቅለታል፣ እንደገና ይበሳል። በየመሀሉ መንቀል፣ መፍታት፣ ማጥበቅ፣ መሰካት አለ። ቀኑ በመመላለስ ያልቃል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ነገር ሲጓተት ያመኛል። በቶርኖ ማሽን አንድ የብረት ቀለበት አወጣሁ፤ ውስጡ ሞላና ሁለት የኩሽኔታ ኳሶች አሉት። ወደ ኋላ ስትስቢው ፑንታው ዱብ ይላል፤ ሌላውን ስትሰኪበት ቀጭ ብሎ ይይዛል። ቁልፍ ብሎ ነገር የለም። በቀን አራት የነበረው ዴስክ ዘጠኝ ሆነ። ሊቀመንበራችን ጓድ ነገሳ ሠራተኛውን ሰብስበው አስጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ሞቅ ሲያደርገኝ ጊዜ ቢላ አውጥቼ ሲባጎውን ቆረጥኩት። "ፍየሏ ተፈታች!" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ወልደሰንበት አልሳቁም፤ ቁልፉን ከመሬት አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

ቀለበቴ ፑንታውን አጥብቆ መያዙን መቶ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ፑንታውን የምትቀይረው እጅ ግን ማሽኑ እንደተሰካ ምን ትሆናለች ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ቁልፉን ሳስቀር መንቀሉንም አብሬ አስቀረሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ወልደሰንበት ትራፓኖውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ፑንታ ሲቀይሩ ማስነሻ ምላጩን ጉልበታቸው ተጫነው። ማሽኑ ተነሣ። ጓንታቸውን ጠቅልሎ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ወሰደው። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር። ስፒናውን ሮጬ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩን ለማጣራት ሦስት ሰዎች ተሰየሙ። "መመሪያው ፑንታ ሲቀየር ማሽኑ ይነቀል ይላል?" አሉኝ። "ይላል" አልኩ። "ነቅለው ነበር?" አሉኝ። "አልነቀሉም" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልዋሸሁም። ሲባጎውን ማን ቆረጠው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ጋሽ ወልደሰንበት እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። አዩኝ፤ ስሜን ግን አላነሡም። "በራሳቸው ቸልተኝነት" ተብሎ ተጻፈና ተሰናበቱ።

እኔ ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ። አንቺም ጀርመን የሄድሽው ማኅበሩ "የኮከብ ሠራተኛ ልጅ ናት" ብሎ በጻፈልሽ ድጋፍ ነው። ውጤትሽ ጥሩ ነበር፤ ግን ያን ዓመት ጥሩ ውጤት ያለው ብዙ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን እስከ ውስጡ ነቅዟል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀለበት ስሠራና ሳፈርስ ኖርኩ። አሁን ተሳክቶልኛል። ቀለበቱን ወደ ኋላ ስትስቢው አንዲት ቀጭን ዘንግ ከምላጩ ኋላ ትገባለች፤ ቀለበቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ምላጩ አይጫንም። ማሽኑ ተሰክቶም ቢሆን አይነሣም።

ባለፈው እሑድ ትራፓኖውን በጆንያ ጠቅልዬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግሬ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጋሽ ወልደሰንበት ከኪዳነ ምሕረት በታች ያለውን ባሕር ዛፍ ይጠብቃሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ቆሜ አገኙኝ። ባለቤታቸው እትዬ ፈትለወርቅ "ግባ" ብለውኝ ጓዳ ገቡ፤ እስክሄድም አልወጡም።

"ጋሼ፣ ይቺን ይሞክሩልኝ" አልኳቸው።

በሦስት ጣታቸው ያዙት። ቀለበቱን ስበው ምላጩን ተጫኑት፤ እምቢ አለ። ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ልክ እንደዚያ ቀን አድርገው፣ በኃይል ተጫኑት። እምቢ አለ።

"ይኼስ በግ ነው" አሉና ፈገግ አሉ።

"ጋሼ፣ ሲባጎውን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ለማኅበሩ ልናገር አስቤያለሁ።"

ትራፓኖውን መሬት አስቀመጡት። "ዘሙሩድ ስንት ዓመት ቀራት?"

"ሦስት።"

"እንግዲያው ስትጨርስ ትናገራለህ። የኔ ጣት እንደሆነ አይበቅል። ልጅቱን ከመንገድ አታስቀራት።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እሳቸው ግን ለእኔ ልጅ ተጨነቁ።

አሁን የምነግርሽን እናትሽም አታውቀውም። እንዲያ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ዘሙሩድ፣ ደስ አለኝ! ቁልቁለቱን እያፏጨሁ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ነው የገዛ ፉጨቴን የሰማሁት። ለካ ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ቀለበቱን ላስሞክር አልነበረም፤ "ዝም በል" የሚል ቃል ከአፋቸው ልለምን ነበር። ጣታቸው አልበቃኝ ብሎ ደግነታቸውንም ልወስድ ሄጄ ነበር። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ጓድ ነገሳ ለአዲሱ ቀለበት ቅጽ ሰጡኝ። አንዱ መስመር "ማሻሻያው ያስፈለገበት ምክንያት" ይላል። "ምርት ለማፋጠን በለውና ፈርም" አሉኝ። እኔ የጋሽ ወልደሰንበትን ስም፣ የሲባጎውን ነገር፣ ለአጣሪዎቹ ያልተናገርኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ቦታው ስላልበቃኝ በጀርባው ቀጠልኩበት። ዛሬ ጠዋት አስገባሁት።

ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ብልክልሽ ኖሮ መልስሽን እጠብቅ ነበር። አንቺም አዝነሽልኝ "ተወው አባዬ" ትዪኝ ነበር፤ እኔም እተወው ነበር። ስለዚህ ሳልጠይቅሽ አደረግኩት። በእኔ ላይ የሚመጣውን እችለዋለሁ። አንቺን ከትምህርትሽ ያነሡሽ እንደሆነ ግን በምን ዓይኔ እንደማይሽ አላውቅም።

የአዲሱን ቀለበት ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የድሮውን ለማንም አታሳዪ። መምህርሽ ማን ፈጠረው ካለሽ፣ ሐሳቡ የጋሽ ወልደሰንበት ነው በይው።

አላህ ከባዕድ ክፉ ይሰውርሽ፤ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይስጥሽ።

አባትሽ ከማለዲን

ከፈረምኩ በኋላ የመጣልኝ፦ ምናልባት እዚያ ኤምባሲ ያሉት የእኛ ሰዎች ጠርተው ይጠይቁሽ ይሆናል። "አባቴ ያደረገውን አላውቅም" ብትዪ እስከ ዛሬ እውነትሽን ነበር። ይህን ካነበብሽ በኋላ ግን አውቀሻል። ለዚህም አፉ በይኝ።