ያልጮኹት ንጉሥ

ሚልካዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ?

የእንጅባራ ብርድ አይጣል ነው፤ እንደ ሐዋሳችን በሸሚዝ ቴአትር አይታይም፣ አዳራሹ ሁሉ ጋቢ ለብሶ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ባየሁት ተውኔት ላይ አንድ ንጉሥ ፊቱ የተሸፈነ ሽፍታ ያስገድላል፤ ጨርቁ ሲገለጥ ግን የገዛ ልጁ ሆኖ ያገኘዋል። ተማሪ ሳለን በሠራነው ተውኔት ላይ የነበረው የጦር አለቃ ትዝ አለኝ። የኛው እንደሚሞት እያወቀ ምሽጉን አልለቅም ያለ ነበር። እኔ “ሞቱን አውቆ ከመጠበቅ የከፋ ምን አለ?” ስል፣ አንቺ “የሞተውማ ዐረፈ፤ የሚያሳዝነው ሳያውቅ አጥፍቶ የተረፈው ነው” ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው።

ንጉሡን የተጫወቱት ጋሽ ወገኔ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጨርቁን ገልጠው መጮኽ ሲገባቸው ዝም አሉ። ካባቸውን አውልቀው በቀስታ የሟቹን እግር ሸፈኑ። አጠገቤ ያሉት ሁሉ አለቀሱ።

ጋሽ ወገኔ ሲወጡ ጠብቄ “ጋሽዬ፣ ለምን አልጮኹም?” አልኋቸው።

“ልጄን አልሄድም ሲለኝ ተቆጥቼ ጫግኒ የላክሁት እኔ ነኝ። መኪናው ተገልብጦ ሬሳውን ሲያመጡልኝም አልጮኽሁም።”

“ታዲያ ይህን ደጋግሞ መጫወት አይከብድዎትም?”

“ይከብዳል እንጂ፣ ልጄ። ግን መጋረጃው ሲዘጋ ሟቹን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ብድግ ይላል። እሱን ለማየት ነው የምጫወተው።”

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትሽን የእትዬ ሽቱን ጉልበት ሳሚልኝ። አንቺንም በጣም ናፍቄሻለሁ።

ፀደይ