ግማሿ መስመር

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልዎት ከተቀበሩ በአምስተኛው ወር ነው። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይለኛል፤ ይበል። የሰጡኝ ማይክሮሜትር፣ ያ የብረት ውፍረት መለኪያ፣ በራሱ ሲዞር ከርሟል።

የብረት መቅረጫው ቶርኖ ቤት የገባሁ ሰሞን ያስተማሩኝን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «መጀመሪያ ሙሉ ሚሊሜትሩን ቁጠሪ። ግማሿ መስመር፣ የግማሽ ሚሊሜትሯ፣ ብቅ ብላ እንደሆነ እዪ። ቀጥሎ የሚዞረው እጀታ ላይ መቶኛውን አንብቢ። በመጨረሻ ከቬርኒየሩ፣ ከእነዚያ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከማዶዋ መስመር ጋር ልክ የገጠመችው ሺህኛዋን ትነግርሻለች። አትቸኩይ ልጄ፣ ብረት የትም አይሄድም።»

ያን ቀን ግን ቸኮልኩ። የፓምፑን አሮጌ ዘንግ ለክቼ ቁጥሩን በወረቀት የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ከእህቴ ጋር እየሳቅኩ ነበር የለካሁት። 24.637 የነበረውን፣ ግማሿን ዘልዬ 24.137 ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም አምነውኝ፣ ደግመው ሳይለኩ አዲሱን በዚያው ልክ አወጡት። አዲሱ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ፓምፑ በተነሳ በሰዓቱ ተንገጫግጮ ተሰበረ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ቢያርፉ ይሻላል» አለዎት አለቃችን፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት።

ወረቀቷን ከማሽኑ ላይ አንስቼ ኪሴ ከትቻት ነበር። ዝም አልኩ። ማይክሮሜትሩን በጨርቅ ወልውለው እጄ ላይ አስቀመጡና «ግማሿን እንዳትረሺ» ብለውኝ ወጡ፤ ዳግም አልተመለሱም። ማወቅዎን ያኔ አወቅኩ። አፈርኩ፤ ያም ሆኖ ወረቀቷን አላወጣኋትም።

ከቀብርዎ ማግስት ጀምሮ ግን እንዲህ ሆነ። ከሥራ ስወጣ አንድ ሚሊሜትር ላይ ትቼው መሳቢያውን እቆልፋለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ጠዋት ስከፍት 24.637። አሥር ላይ ብተወውም 24.637። ማጥበቂያውን አጥብቄ በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ፕላስተሩ ሳይነካ ቁጥሩ 24.637። ሺህኛዋ እንኳ ዝንፍ አትልም። ብረቱ ደግሞ ሞቅ ይላል፣ ገና አሁን ሰው እጅ ላይ የነበረ ያህል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ብረት ነው። ባለፈው ሰኞ ወረቀቷን ይዤ አለቃው ቢሮ ገባሁ።

«የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ታዲያ ዓይናቸው ደህና ነበራ?»

«ከሁላችንም ይሻል ነበር።»

ያን ዕለት ሠራተኛውን ሰብስቦ ተናገረ፤ ልጆችዎንም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ለሦስት ወር ቶርኖ እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ሲያንሰኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን ስከፍት ማይክሮሜትሩ እንደተውኩት ነው። ቀዝቃዛ ነው። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስት ጠዋት ሙሉ ግን እሱን ታቅፌ አለቀስኩ። ስፈራዎት ከርሜ፣ ለካ በየጠዋቱ እየጠበቅኩዎት ነበር።

ዛሬ ከመውጣቴ በፊት ሆን ብዬ 24.137 ላይ ትቼዋለሁ። ማጥበቂያውን አላጠበቅኩትም። ይምጡና ያርሙኝ።

ግማሿን የረሳችው ልጅዎ