የአልጋሽ ብረት በሰው ጂፕ ሥር

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ከትራስ ሥር አስቀመጥሽው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር የሚነገር ሕመም የለኝም። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። ደብዳቤ ግን ወሬ አይቀየርበትም።

የዛሬ ወር አንድ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ አሮጌ ባለ ሸራ ጂፕ አስጎትተው ጋራዤ መጡ። ሻንሲውን፣ የታች አጽሙን፣ ዝገት በልቶታል፤ እንደ ጥንቱ አድርጊልኝ አሉኝ። ወዲያው የጋራዡ በር ላይ የተጻፈውን ስሜን ከነአባቴ ስም አነበቡ፤ ተመልሰውም ደግመው አነበቡት። ይህን ልብ ብዬዋለሁ።

የፊቱን አግዳሚ ብረት ለመቀየር ጂፑ የስንት ዓመት ሥሪት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሞላውን፣ ባሌስትራውን፣ የሚይዘው ብረት እንደ ዓመቱ ይለያያል። ሊብሬውን ስጠይቃቸው ቤት ረሳሁት አሉ። በማግስቱም ረሱት። እንግዲያው የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አነባለሁ ስላቸው፣ ቁጥሩን ተዪው፣ ለክተሽ ሥሪ ብለው ተቆጡ። የሌባ ዓይነ ደረቅ አልኩ በሆዴ።

እሳቸው ሲሄዱ ከሥር ገብቼ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ጀመርኩ። ከቁጥሩ በፊት ሌላ ነገር ወጣ። ከኋላ በኩል ሻንሲው ተሰንጥቆ ማጠናከሪያ ብረት ተበይዶበታል። ጥቁሩ ቀለም ሲላጥ ከሥሩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ አበባ። እማዬ፣ ያንቺ አልጋ ነው። አባዬ አንዱን እግር ቆርጦ ለጂፑ የበየደው፣ ከዚያ ወዲያ በድንጋይ አስደግፈሽ የተኛሽበት፣ ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ ያልሽበት አልጋ። ብየዳውም የግራኝ እጅ ነው፤ የእሱ።

እኛ የምናውቀው አባዬ በዚህ፣ ቀለሙ ተለውጦ ባላወቅኩት ጂፕ፣ ወደ ሌላ ሴት መሄዱን ነው። አንቺ ነሽ ያልሽን። ወንድሜ ስሙ ሲነሳ ከቤት ይወጣል። እናም ቀያሹን ጠረጠርኩ፤ አባቴን ምን አድርገውት ይሆን እያልኩ የጂፑን ቁልፍ ደበቅኩ።

ሲመጡ ብረቱን አሳየኋቸው። ይህ የእናቴ አልጋ ነው፣ ጂፑ እንዴት እጅዎ እንደገባ ካልነገሩኝ ከዚህ አይወጣም አልኳቸው። ጎማ ላይ ተቀመጡ። ላልናገር ቃል ገብቼ ነበር አሉኝ። ለማን ብላቸው፣ ለእናትሽ።

ሊብሬውን ያወጡት ከደረት ኪሳቸው ነው። ለካ በየቀኑ ይዘውት ይመጡ ነበር። ውስጡ የሽያጭ ውል ታጥፏል፤ የሻጭ ፊርማ የአባዬ፣ የምስክር ፊርማ ያንቺ፣ ያው ጅራቱ የረዘመው። ቀኑ ጥሎን ሄደ ካልሽን ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው።

ፎርጅድ ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። አባትሽ ከሆስፒታል ወጥቶ ነው የፈረመው አሉኝ፤ አንቺ በክንዱ ደግፈሽው፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ትንፋሽ እያጠረው። ልጆችህ እንዲያዩህ ቤት ላድርስህ ቢሉት እምቢ አለ። እንዲህ ሆኜ አይተውኝ ከሚያለቅሱልኝ ቢረግሙኝ ይሻላል አለ አሉኝ። አንቺ ግን ያኔ ምን እንዳልሽ ብጠይቃቸው፣ እሷ መንገድ መንገዱን ነበር የምታየው ብለው ተዉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንን እንደምጠረጥር ጠፍቶኛል። ያሳለፍነውን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈታሁ አያለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ እያልሽ ብቻሽን ትሄጂ ነበር። ያቺ ጓደኛሽ አንድም ቀን እኛ ቤት አልመጣችም። ተሻላት ወይ ስንልሽ፣ ያው ናት ትይን ነበር። ስትመለሺ ጫማሽን ደጅ ላይ ታራግፊዋለሽ፤ አፈሩ ቀይ ነበር፣ የኛ ሰፈር አፈር ደግሞ ጥቁር ነው።

አልተቀየምኩሽም ብል እዋሻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እኔም ረግሜዋለሁ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ሰምተሻል። እንዴት ቻልሽው እያልኩም አዝንልሻለሁ። ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ እሱን አንቺው አስቀምጠሽ ንገሪው።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት እመጣለሁ። ምንም አታዘጋጂ። ጓደኛሽን አብሬሽ እጠይቃታለሁ፤ አልጋ ላይም ትሁን አፈር ሥር፣ መንገዱን አንቺ ታሳዪኛለሽ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ብቻሽን የተሸከምሽውን ያቅልልሽ።

የአንቺና የአባዬ ልጅ