የሰሜኑ ግድግዳ ዕድሜ

ለታላቅ ወንድሜ ለቲቦ፣

ለመሆኑ እንዴት ከረምክ? ጉልበትህን ተሻለህ? ሚስትህስ ኢቬት እንዴት ናት? ልጆቹን የኑሜያ ሙቀት ተስማማቸው? እኛ ደህና ነን። እማማን ሳሉ ስለለቀቃት ቲማቲሟን ወደ መኮትኮት ተመልሳለች።

«አለቃሽን ይቅርታ ጠይቂ፣ የዕለት ጉርስሽ ነው» ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። አልጠየቅሁም።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሰሜናዊ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ በብርድ ቆሜ፣ ድንጋይ በድንጋይ ለክቼ የሣልኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ አርክቴክቱ ደሮሽ ቅጂውን ወስዶ የራሱን ስም ጻፈበት። ከዚያም ግድግዳው ባለፈው ምዕተ ዓመት የተሠራ ስለሆነ ለሠርግና ለቀብር የሚመች ሰፊ በር ይከፈትበት ብሎ ለከንቲባው አቀረበ። ድንጋዮቹ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ አዘንብለው የተደረደሩ ናቸው፣ እንዲህ ይገነባ የነበረው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ነው አልኩት። «ልጄ፣ መሐሉ እኮ ሲሚንቶ ነው! ያኔ ሲሚንቶ ከየት መጣ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዝም አልልም ስለው አባረረኝ።

ባለፈው ዓርብ የማርያም በዓል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከንቲባው ደሮሽን አጠገባቸው አቁመው፣ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ወይን አስቀድተው፣ ግድግዳው ለበሩ ሲባል ሰኞ መፍረስ ይጀምራል አሉ። እኔም ጮክ ብዬ፣ ይህን ግድግዳ በሲሚንቶ የጠቀጠቀው ማነው ስል ጠየቅሁ።

ጎረቤታችን ማዳም ኦርታንስ፣ «ምን ያስጮህሻል፣ የኔው በርናር ነዋ! ከጦርነቱ በኋላ ጳጳሱ ሊመጡ ነው ተብሎ ወንዶቹ ኖራውን ፍቀው ሲሚንቶ ሞሉበት። ያማረ መስሏቸው!» አሉ። ሁሉንም ወይ ስላቸው፣ «ከካህናቱ አልባሳት ቁም ሣጥን ጀርባ በቀር። ከበደኝ ብሎ ሳይገፋው ቀረ። ሲያገባኝም ዕቃዬን የተሸከመው አባቴ ነው!» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ወንዶቹ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ገቡና ቁም ሣጥኑን ገፉት። ከጀርባው ሲሚንቶ የሚባል የለም። ያው የዓሣ አጥንት ድርድር ነው፣ መሐሉ የጥንት ኖራ። ጥጉ ላይ ደግሞ የደወሉ ማማ ድንጋዮች ግድግዳውን ተደግፈውት እንጂ ከእሱ ጋር ተሳስረው አልተሠሩም። ማማው ስምንት መቶ ዓመት እንደሚሆነው ደሮሽ ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ግድግዳው ማማውን ይቀድመዋል ማለት ነው። ከንቲባው ጥጉን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «ሙስዬ ደሮሽ፣ በሩ ይቅር» አሉ።

ደሮሽ ለብቻዬ ጠራኝ። የእሱ ቅጂ ልኮቹ የሉበትም፤ ለከንቲባው ያቀረበውን ጽሑፍ ሊያርም የሚችለው ሁሉም ልክ ባለበት በዋናው ሥዕል ነው፣ እሱ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። «ሥዕሉን ይዘሽ ሰኞ ወደ ሥራሽ ተመለሽ» አለኝ። በማን ስም ይወጣል ብዬ ጠየቅሁት። «በኔ ነዋ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ጊዜሽ ይደርሳል» አለኝ።

ግድግዳው ከዘጠኝ መቶ ዓመት ጀምሮ እዚያው ቆሟል፣ ሄደው ይለኩት አልኩት።

እማማ ወደ ሥራዬ አልመለስም በማለቴ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ዛሬ ግን ሥዕሉን ከአልጋዬ ሥር አውጥታ ምሳ በምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ በምስማር መታችው። ከታች ስሜ አለበት።

ኢቬትን ሳምልኝ። ለትልቁ ለማቲያስ ሰላም በለው፣ ትንሿን ክሌማንስን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። እማማ ጉልበትህን በሞቀ ጨርቅ እሰረው ትልሃለች።

እህትህ ሶሌን

ቪላርሎርም፣ ቡርጎኝ
ኦገስት 19 ቀን 1986