አንድ ስንዝር አንጀትና ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል

«ታካሚው የሱስ ታሪክ ያላቸው በመሆኑ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከፓራሲታሞል የበረታ ማስታገሻ እንዳይሰጣቸው ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ውሳኔው ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል የተላለፈ ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ይህ ቃል በቃል የተገለበጠው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰመመን ሰጪ ሐኪም ሆኜ የሠራሁበት ሆስፒታል ትናንት ከላከልኝ ደብዳቤ ነው። ከኑዛዜዬ ያስቀደምኩት፣ ምናልባት ብሞት በምን ዓይነት ስሜት እንደሞትኩ ወራሾቼ እንዲያውቁት ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እሰጣለሁ። የአእምሮዬን ጤንነት ራሴ መርምሬ አረጋግጫለሁ። የሚጽፍልኝ የታላቅ እህቴ ባል ጠበቃው ግን «ሰው ለራሱ አእምሮ አይመሰክርም» ስላለኝ ምስክር እንዲሆኑ የጠራኋቸውን የሙያ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። ከእነሱ አንዱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ «እንደ ወትሮው ነው» አለ። እንደዚያው ይጻፍ።

ጠበቃው «የተባለውን ሁሉ ልጻፍ?» ይለኛል። ሁሉንም፤ ሌሎቹ የሚሉትንም ጭምር። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው እያስተኛሁ ሳወራ የሰማኝ የለም።

ዓርብ ኅዳር 14 ቀን ከትልቁ አንጀቴ አንድ ስንዝር ያህል ተቆርጦ ይወጣል። ዕጢው በጊዜ ተገኝቷል፤ ከዘገየሁ ግን እሱ አይዘገይም። ስለዚህ ንብረቴን እንደሚከተለው አከፋፍላለሁ።

አንደኛ። ቤቱ ለባለቤቴ ይሁን። ከስድስት ዓመት በፊት ከሱስ ማገገሚያው ስመለስ በሩን ከፍታ ያለችኝ «ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉ እርጥብ ነው» ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ፤ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። እንዲህ ያለች ሴት ቤት ይገባታል።

ሁለተኛ። የሳሎኑ ስድስት ወንበሮች ለሐሙስ ስብሰባችን ይሁኑ። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ከሱስ የወጣን የሕክምና ባለሙያዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ በጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ እንሰበሰባለን። የእኛ ሰው ሱስ እንደያዘው ቶሎ ያምናል፤ ታካሚ መሆኑን ግን ሞቶም አያምንም። ፋርማሲስቱ የመጣ ቀን ተነሥቶ፣ «የአርባ አንድ ዓመት ወንድ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የእንቅልፍ ኪኒን በብዛት እየወሰደ…» ብሎ የራሱን ጉዳይ ለዙር ሐኪሞች እንደሚያቀርብ ሰው ዘረዘረው። አዋላጇ «ሰውየው መጥቷል?» ብትለው፣ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። እኔ ደግሞ ልክ እንደ ጨረሰ የኪኒኑን መጠን አረምኩት። ከዚያ ወዲህ፣ ስለ ራሱ «እሱ» ብሎ ያወራ ብርጭቆ ያጥባል፤ መጠን ያረመም ያደርቃል። ወንበር ስለማይበቃን ዘግይቶ የመጣ ጥርስ መንቀያው ወንበር ላይ ተንጋሎ ነው የሚናገረው። የሃምሳ ዓመት ሰው ፊቱ ላይ መብራት እየበራበት መናዘዙ ይቅር።

ባለቤቴ «ወንበሮቼን ነው የምትሰጠው? እንግዳ ሲመጣ ምን ላይ ላስቀምጠው?» አለች።

«እኔ ከሌለሁ እንግዳ ይቀንሳል» አልኳት።

«እንዲያውም ይጨምራል» አለች።

ጠበቃው ምስክር መውረስ አይችልም ብሎ ተቃወመ። እንግዲያው በቁሜ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬውኑ ይዘዋቸው ይውጡ። ባለቤቴ አራቱን ብቻ ፈቅዳለች። አራት ተብሎ ይታረም።

ሦስተኛ። መኪናዬ ለቀዶ ጥገና ክፍሏ ኃላፊ ለሲስተር ይሁን። ከታካሚ የተረፈውን መድኃኒት ለራሴ ስወጋ የደረሰችብኝ እሷ ናት። አልጮኸችም። «ዶክተር፣ ወይ እርስዎ ይናገራሉ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ። ጓንቴን አውልቄ እጄን እስክታጠብ ያስቡበት» አለችኝ። እጇን እንደዚያ ቀን ቀስ ብላ ስትታጠብ አይቻት አላውቅም። ሄጄ ተናገርኩ። ከዚያም ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈግኳት፤ እሷ ግን በየማለዳው «እንደምን አደሩ ዶክተር» ማለቷን አላቋረጠችም፣ ሆን ብላ ልታናድደኝ።

«ልክ ነው፣ ሆን ብዬ ነው» አለች ሲስተር። ቀጥላም «መኪናው ይቅርብኝ። ከወረስኩ መመስከር አልችልም፤ እኔ የመጣሁት ልመሰክር ነው» አለች።

እንግዲያው መኪናው ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ይሁን። ማገገሚያ በገባሁ ጊዜ ለዘመድ ሁሉ «ለሥልጠና ሄዷል» ብላ የዋሸችልኝ እሷ ናት። አክስታችን እስከ ዛሬ «ለመሆኑ የምን ሥልጠና ነበር?» ትለኛለች። «የቁልፍ አያያዝ» ብያታለሁ። እውነቴን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ካዝና ቁልፍ በእጄ አልነካሁም፣ በየወሩም ሽንቴን ለምርመራ እሰጣለሁ። ከስድስት ዓመት ወዲህ አንድም ቀን አልተበላሸም። ከኮሚቴው አባላት መካከል ስለ ሽንቱ እንዲህ አፉን ሞልቶ የሚናገር ካለ ይምጣ።

አራተኛ። ስለ ሥጋዬ። ያለ በቂ ማስታገሻ ሆዱ የተቀደደ ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋው አይነሣም፤ ከዚያ ሳንባው ይታመማል። ይህን ለኮሚቴው ግማሽ አባላት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ግን በይለፍ ነው ያሳለፍኳቸው፣ አሁን ተጸጽቻለሁ። የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ፤ ካልበቃ ሞርፊን፣ በሌላ ሐኪም ትእዛዝ፣ በሲስተር እጅ። ወደ ቤት የሚሄድ ኪኒን ካለ ፋርማሲስቱ የቀን የቀኑን ያምጣልኝ።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ቀስ ብላ «ቢመለስብህስ?» አለችኝ።

ጠበቃው «ይህም ይጻፍ?» አለኝ። ይጻፍ።

«ሊመለስ ይችላል» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ልመንህ?»

«አትመኚኝ። እኔም ራሴን አላምንም፤ ለዚህ ነው በሲስተር እጅ ይሁን ያልኩት። እመኑኝ አላልኩም እኮ፣ አክሙኝ ነው ያልኩት።»

ባለቤቴ ወደ ሲስተር ዞራ «ጨምሪልኝ ብሎ ቢለምንሽስ?» አለች።

«አየዋለሁ። የቁስል ሕመም ከሆነ ሐኪሙን ጠርቼ አስጨምርለታለሁ። ሌላው ከሆነ እንደምን አደሩ ብዬው እወጣለሁ» አለች ሲስተር።

ባለቤቴ ሳቀች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይጻፍ።

አምስተኛ። ኮሚቴው ውሳኔውን ካልሻረ ቀዶ ጥገናውን አልቀበልም፣ ከነዕጢዬ እቀመጣለሁ።

«ሰርዘው» አለች ባለቤቴ ለጠበቃው።

«የኔ ኑዛዜ ነው!» አልኩ።

«ሬሳው የኔ ነው የሚሆነው። ሰርዘው! እነሱን ላናድድ ብለህ ልትሞትብኝ ነው? ተናደህ ኑር፤ ለምጄዋለሁ።»

ምስክሮቹን አየሁ። አዋላጇ «እኔ ለመሰረዙም እመሰክራለሁ» አለች። እትዬ ከጓዳ «እኔም!» ብላ ጮኸች፤ ስታዳምጥ መቆየቷን በዚህ ዐወቅን።

ስለዚህ አምስተኛው ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል፦ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ዓርብ ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል እገባለሁ። በፓራሲታሞልም ቢሆን እገባለሁ። ባለቤቴ ይህን ስሰጥ እጄን ይዛ ነበር፤ አልለቀቀችኝም።

ይህ ኑዛዜ ለተናዛዡ ተነቦለት ቃሉ መሆኑን አምኖ ፈርሟል። ሲሰጥና ሲነበብ የነበርን፣ አምስተኛው ሲሰረዝም ያየን ምስክሮች፦ ፋርማሲስቱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ አዋላጇ፣ ሲስተር። ፈርመናል። ጸሐፊው ጠበቃ፣ እጄ እየዛለ ፈርሜያለሁ።

ግልባጭ ለሕክምና ኮሚቴው ሰብሳቢ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እንደምገባ ዐውቀዋል፤ ስለዚህ የማስፈራሪያዬ ነገር አብቅቷል። የቀረው የእርስዎ ነው። ውሳኔዎን ከሻሩ በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ካልሻሩ ደግሞ፣ ከዓርብ ጀምሮ እስክነሣ ድረስ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ባቃሰትኩ ቁጥር «ለራስዎ ደኅንነት ነው» እያሉ በራስዎ አንደበት ሊነግሩኝ መስማማትዎን በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ወንበር ከቤቴ አስመጣልዎታለሁ፤ ሁለት ቀርቶኛል። ከሁለቱ አንዱን፣ በፊርማዎና በማኅተም፣ እስከ ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ።