እግራቸውን እንኳ ሳይመረምሩ ያላመኑት የጋሽ ቆይ እስቲ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «ጋሽ ቆይ እስቲ» እያልን የምንጠራቸው ውድ አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለችው ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ተምረው አጠናቀዋል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራውን ሒሳብ በጣታቸው ደግመው ይቆጥሩ እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1958 ዓ.ም. በሚዛን ተቆጣጣሪነት ተቀጥረው ለሠላሳ ስድስት ዓመታት አገልግለዋል። የናስ መመዘኛዎቻቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው ገበያ ሲገቡ፣ ሲያጋድል የዋለ ሚዛን ሁሉ ቀጥ ይል ነበር። ምሳ ልጋብዝዎ ላላቸው ነጋዴ መልሳቸው «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ሚዛንህን ልየው» ነበርና ቅጽል ስማቸው ከዚያው ወጣ።

በ1964 ዓ.ም. አዋላጅ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች አፍርተዋል። አባታችን ከማግባታቸው በፊት ስለ እጮኛቸው ሦስት ጎረቤት ጠይቀው ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ስለ አባታችን አምስት ጠይቀው እንደነበር የነገሯቸው ከሠርጉ በኋላ ነው።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ስትሮክ ጣላቸው፤ ግራ ጎናቸውም ዛለ። ከሆስፒታል ወጥተው በምርኩዝ መቆም ቢችሉም የግራ እግራቸው ጫፍ መሬት ይጎትት ስለነበር የመኝታ ቤቱ ደፍ ሁለት ጊዜ አደናቅፎ ጥሏቸዋል። ቤት ድረስ እየመጣች የምታክማቸው ፊዚዮቴራፒስት ታዲያ አንዲት ትንሽ ሣጥን አመጣች። ሣጥኗ ወገብ ላይ ትታሰራለች፤ ተረከዛቸው ከመሬት ሲነሳ ከጉልበታቸው በታች በሚለጠፉ ባለሽቦ ጨርቆች በኩል ጡንቻውን በቀላል ኤሌክትሪክ ቀስቅሳ የእግራቸውን ጫፍ ታነሳለች። አባታችን «ታዲያ የሚራመደው ማነው፣ እኔ ወይስ ሣጥኑ?» አሉ። መጀመሪያ በአማቻቸው እግር ካልተሞከረም እንቢ አሉ። አማቻቸው «እንደ ጉንዳን ይወርራል እንጂ አያምም» ብሎ ከመሰከረ በኋላ ነው እግራቸውን የዘረጉት።

በአራተኛው ወር ደፉን ሳይነኩ ማለፍ ጀመሩ። ይህ እኛን ሲያስደስተን እሳቸውን አጠራጠራቸው። ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር የሣጥኗን መቆጣጠሪያ ስትነካካ ያያሉና፣ ኃይሉን በድብቅ እየጨመረች የዳኑ ታስመስላለች አሉ። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ «ልጄ፣ ሚዛኑ ላይ ጣትሽን ጭነሻል» አሏት። ልታስረዳቸው ስትጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። እሷም ሣጥኗን እዚያው ትታ ሌላ ዕቃዋን ሰብስባ «አባባ፣ ካላመኑኝ ሌላ ሰው ቢያይዎት ይሻላል» ብላ ወጣች። ዳግመኛም አልመጣችም።

አባታችን የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ አስጠሩ። ሣጥኗ የተሞላላትን መጠን ሁሉ መዝግባ ታስቀምጣለችና ሰውየው መዝገቡን አነበበላቸው። «የጨመረችው የለም፤ በየጊዜው ስትቀንስ ነው የቆየችው። አሁን ይበልጡን የሚያነሳው የራስዎ ጡንቻ ነው።» ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ባለቤታቸው እንዲያነቡላቸው አደረጉ። የዚያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

በማግሥቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከታላቅ ልጃቸው ጋር ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። አሥራ አራቱን ደረጃ የልጃቸውን ትከሻ ሳይነኩ ወጡ። ባለሙያዋ የያዘችውን ታካሚ እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ መርምሬ ሳልጨርስ ፈረድኩብሽ። አጠፋሁ» አሏት። እሷም «ደረጃውን በእግርዎ ነው የወጡት?» አለቻቸው። «ምስክር አለኝ» አሉና ወደ ልጃቸው አመለከቱ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ «በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ለእሷ ደረጃ ወጡላት» ብለው ስቀዋል።

ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት በእግራቸው ተራምደዋል። በመጨረሻም ባደረባቸው የልብ ድካም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፊዚዮቴራፒስቷም ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር ቆማለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ለእኛም ያጠፋነውን ሳይረፍድ ሄደን የምንናገርበት ጉልበት ይስጠን።