ከለውዝ መጠቅለያ የተረፉ ሥዕሎች፦ የአቶ ክፍሉ ሀብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ክፍሉ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያም ገብረወልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጋ ኅዳር 12 ቀን 1919 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1937 ዓ.ም. በምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ተቀጠሩ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ አንድ ሻንጣ እንኳ እንዳልጠፋባቸው ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ።

በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ በለጠች ክንፉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ባለቤታቸው ግን በሦስተኛው ዓመት በወሊድ ከነሕፃኑ ዐረፉ። ከዚያ ወዲያ ትዳር ይያዙ ብሎ ያልወተወታቸው ዘመድ የለም፤ እሺ ይሉና ይተዉታል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ አገር ነጋዴዎች ከተማዋን ሲለቁ፣ ጥለዋቸው የሄዱት የድሮ መጽሔቶች በኪሎ እየተሸጡ ቀፊራ ገበያ ወረዱ። አቶ ክፍሉ አንድ ቀን እዚያ ከለውዝ ሻጯ ከወይዘሮ ኻድራ ለውዝ ሲገዙ መጠቅለያው በእጅ የተሣለ የመጽሔት ሽፋን ነበር፤ ነፋስ ጃንጥላዋን የገለበጠባት ሴት። ለውዙን እዚያው ትተው ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ ኻድራም ከዚያን ቀን ጀምረው ሽፋን ሽፋኑን እየለዩ ያስቀምጡላቸው ጀመር። እሳቸው ጭምድዱን በካውያ እያቃኑ፣ በመስታወት እያስገቡ ግድግዳቸውን ሞሉት። እኅታቸው አስካለማርያም በየፋሲካው ከሐረር እየመጣች በአቧራው ትቆጣቸው ነበር እንጂ አንዱንም ጠጋ ብላ አላየችም። ይህን የምትጽፈው እሷው ናት፤ ጸጸቱም የሷ ነው።

በየካቲት 1978 ዓ.ም. አቶ ክፍሉ ሥዕሎቹን ለጎረቤት ለማሳየት ቆረጡ። መስታወቱን ወልውለው፣ ለእንግዳ መቀመጫ ከእድር ስድስት አግዳሚ ወንበር ተውሰው፣ በራቸውን ከፍተው ቁጭ አሉ። ጎረቤት የእድር ወንበር ሲገባ አይቶ መርዶ መጣባቸው ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ንፍሮና ሻይ ይዞ ገብቶ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ደንብ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ይሉኝታ የማይለቃቸው አቶ ክፍሉም ማን እንደሞተ ሲጠየቁ የሩቅ ዘመድ ነው አሉ። እናም ሰባ አራት ሥዕል በተሰቀለበት ቤት፣ ወለል ወለሉን ከሚያይ ሰው ጋር፣ ላልሞተ ዘመድ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ኻድራ መጡና በድሬ ወግ፣ «አቦ ክፍሉ፣ ይሄ ሁሉ የኔ መጠቅለያ ነው? ምን አሳምረህ ሰቀልከው!» አሏቸው። ከመጣው ሰው ሁሉ ቀና ብለው ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አቶ ክፍሉ ይህን ለእኅታቸው የነገሯት በኩላሊት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ ነው። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣ «አስኩ፣ ብቻዬን ማየት ሰለቸኝ» አሏት።

አንድ ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት እኅትና አራት የእኅት ልጆች ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ማኅበር ይቀላቅልልን፤ በዚያስ ብቻቸውን አይሁኑ።

ለቅሶው በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ቤተሰቡ የሚለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትመጡ አንገታችሁን አትድፉ፣ ግድግዳውን እዩላቸው።